መምህር የማይቆምበት ክፍል፦ ተማሪ ለተማሪ ስለ ልዩነትና ስለ ፍትሕ የሚያስተምረው እንዴት ነው?

አሥራ አራት ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ፊት ለፊት የቆመ መምህር የለም። ከተቀመጡት መካከል ሁለቱ አወያዮች ናቸው፤ ሌሎቹን በዕድሜ ቢበልጧቸው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ነው። አንዷ ጥቁር ናት፣ አንዱ ነጭ ነው። የዕለቱ ርእስ ዘር ነው፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ሲቀመጥ ብዙውን ጊዜ ዘሎት የሚያልፈው ነገር። እነዚህ ተማሪዎች ግን ሊዘሉት አልመጡም። ሴሚስተሩ እስኪያልቅ በየሳምንቱ እየተገናኙ ይነጋገሩበታል፤ ለዚህም እንደ ማንኛውም ትምህርት ክሬዲት ይያዝላቸዋል።

እንዲህ ያለ ክፍል በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል። ሰሞኑን ወሬው የበዛው ግን የዩኒቨርሲቲዎች የብዝኃነት ጽሕፈት ቤቶች እየተዘጉ ስለሆነ ነው። በዚህ ወሬ መካከል ብዙ ነገር ተደባልቋል፦ የመግቢያ ፉክክር፣ የሠራተኛ ቅጥር፣ የግዴታ ሥልጠና፣ የተማሪዎች ሰልፍ፣ ይህ የክብ ወንበር ክፍልም ጭምር። ልጁ «አወያይ ሆኛለሁ» ያለችው የሜሪላንድ ወይም የሚኒሶታ ሐበሻ ወላጅ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። እዚህ ላይ የምናብራራው ስለ ክፍሉ ነው፤ ዋናውን ምሳሌ የምንወስደው ደግሞ አሠራሩ በደንብ ከሚታወቅበት ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃላቱ ምን ማለት ናቸው?

«ብዝኃነት» ለእኛ አዲስ ቃል ይመስላል እንጂ በፈረንጅኛው ስንጠራው ኖረናል። ዲቪ ሲሞላ ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ የ«ዲቪ» የመጀመሪያው ፊደል የሚያመለክተው ይህንኑ ቃል ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 ዕጣውን በሕግ ሲያቋቁም ሐሳቡ ብዙ ስደተኛ ካልላኩ አገሮች ሰው እንዲመጣ ነበር። ስለዚህ ብዝኃነት ማለት በቀላሉ የተለያዩ ሰዎች በአንድ ቦታ መገኘት ነው። መገኘታቸው ብቻ ግን ስለ አያያዛቸው ምንም አይነግረንም።

ስለ አያያዝ የሚናገሩት ሌሎች ሁለት ቃላት ናቸው። «እኩልነት» ለሁሉም አንድ ዓይነት ነገር መስጠት ነው፤ «ፍትሐዊነት» ለእያንዳንዱ እንደሚያስፈልገው መስጠት። ለዓይነ ስውር ተማሪ ሌሎቹ የተቀበሉትን የፈተና ወረቀት ሰጥታችሁ «አላዳላንም» ብትሉ እኩል አድርጋችኋል፤ በብሬል ያዘጋጃችሁለት ቀን ግን ፍትሐዊ ሆናችኋል። «ማኅበራዊ ፍትሕ» የሚባለው ጥያቄውን ከአንድ ተማሪ ወደ ማኅበረሰብ ያሰፋዋል፦ ሀብት፣ ዕድልና ክብር በማኅበረሰቡ ውስጥ የተከፋፈሉት እንዴት ነው? ደንቡንስ ማን አወጣው?

የቀረው «ውይይት» ነው። ክርክር አሸናፊና ተሸናፊ አለው። ተራ ጨዋታ ደግሞ የሚያስቀይም ነገር ሲመጣ አቅጣጫ ይቀይራል። እዚህ ውይይት የሚባለው ሁለቱንም አይደለም፤ የሚያስቀይመውን ነገር ሳይሸሹ፣ ለማሸነፍም ሳይሞክሩ መነጋገር ነው። እንደ እኔ ከሆነ በአማርኛ ይበልጥ የሚቀርበው «ምክክር» ነው። በ2021 መጨረሻ በኢትዮጵያ የተቋቋመው ኮሚሽንም ለስሙ የመረጠው ይህንኑ ቃል ነው።

ይህን ነገር ተማሪዎች ለምን ጀመሩት?

ሌላ ሰው ስላልጀመረው ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች በመደበኛው ትምህርት ያጡትን ራሳቸው ማስተማር ያዙ፤ ስለ ጥቁሮች ታሪክ የሚሰጡ ትምህርቶችም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በኅዳር 1968 የጥቁር፣ የእስያ፣ የላቲን አሜሪካና የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ልጆች የሆኑ ተማሪዎች አብረው አድማ መቱ። አድማው አምስት ወር ገደማ ፈጅቶ ሲያበቃ ስለ እነዚህ ሕዝቦች ታሪክና ኑሮ የሚያስተምር ራሱን የቻለ ኮሌጅ ተገኘ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ግቢ ደግሞ ከ1981 ጀምሮ ተማሪዎች፣ አንድ መምህር እስከፈረመላቸው ድረስ፣ ክሬዲት የሚያዝበት ትምህርት ራሳቸው እየቀረጹ ለእኩዮቻቸው ይሰጣሉ።

የሚሺጋን መንገድ ግን ከዚህ ይለያል፤ የጀመረውም በውርደት ነው። በ1987 መጀመሪያ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ጥቁሮችን «የማደን ወቅት ተከፍቷል» የሚል በራሪ ወረቀት ተበተነ። ሳምንት ያህል ቆይቶ በተማሪዎች ሬዲዮ ጣቢያ ጥቁሮችን የሚያዋርዱ ቀልዶች ተላለፉ። ተማሪዎች ተነሡ፤ የጥቁሮች መብት ታጋዩ ቄስ ጄሲ ጃክሰን ሳይቀሩ ለማደራደር ወደ ግቢው መጡ። የጥቁር ተማሪዎች እንቅስቃሴ ሲነሣ ይህ ሦስተኛው ጊዜ ነበር። በ1970 ግቢውን ባናጋው የመጀመሪያው አድማ ዩኒቨርሲቲው የጥቁር ተማሪዎችን ቁጥር ወደ 10 በመቶ ለማድረስ ግብ ይዞ ነበር፤ ሳይደርስበት ቀርቷል።

ከ1987ቱ ነውጥ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ነገሮችን ሞከረ፤ የሁለቱ ዕጣ ፈንታ መለያየቱ ትምህርት አለው። አንደኛው ቅጣት ነበር። በ1988 ሰውን በዘሩ፣ በጾታው ወይም በሃይማኖቱ የሚያዋርድ ንግግር በዲሲፕሊን የሚያስጠይቅ ደንብ ወጣ። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሰሰ፤ ክርክሩም የሚያጠናው መስክ በጾታና በዘር መካከል ስላሉ ሥነ ሕይወታዊ ልዩነቶች የሚነሡ አከራካሪ መላምቶችን ስለሚጨምር በክፍል ውስጥ አፉን ከፍቶ መናገር እንኳ ሊያስቀጣው እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1989 ደንቡ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ሁለተኛው በዚያው በ1988 የተጀመረው የቡድኖች ግንኙነት ፕሮግራም ነው፦ የሚለያዩትን ሰዎች አስቀምጦ ማነጋገር። የኖረው ይህኛው ነው።

ክፍሉ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ከ12 እስከ 16 የሚሆኑ ተማሪዎች ይገባሉ፤ የሚመረጡትም በተቻለ መጠን ግማሹ ከአንዱ ወገን፣ ግማሹ ከሌላው እንዲሆን ነው፦ ነጮችና ነጭ ያልሆኑ፣ ሴቶችና ወንዶች፣ የክርስቲያን ልጆችና የሌላ እምነት ልጆች፣ እንደ ርእሱ። አወያዮቹም ከሁለቱ ወገን አንድ አንድ ናቸው። ቆይታው ከ10 እስከ 14 ሳምንት፣ በየሳምንቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ነው። የሚነበብ ጽሑፍና የሚጻፍ ሥራም አለ።

ቆይታው አራት ደረጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥም። መጀመሪያ መተዋወቅና ደንብ ማውጣት ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ከየት እንደመጣና ማንነቱ በሕይወቱ ምን እንዳጋጠመው ይናገራል። በሦስተኛው ደረጃ ትኩስ ጉዳዮች ይመጣሉ፦ ፖሊስ፣ ስደት፣ የትዳር ጓደኛ ምርጫ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ። አራተኛው «ከዚህ ስንወጣ ምን እናድርግ?» የሚለው ነው። አቦል ሳይቀዳ በረካ እንደማይጠጣ ሁሉ ሦስተኛውን ደረጃ በመጀመሪያው ሳምንት የሚያነሣ አወያይ ክፍሉን ያፈርሰዋል። በቴሌቪዥንም ሆነ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ ዘር የሚደረገው ንግግር ከንቱ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሁሉም የሚጀምሩት ከሦስተኛው ነው።

የደንቡን ነገር ዕድርተኛ የሆነ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ማንም ከውጭ አይጽፍላቸውም፤ አባላቱ ራሳቸው ተነጋግረው ይቀበሉታል፣ ስለዚህም ያከብሩታል። እዚህ የተሰማ የሰው ታሪክ ውጭ አይወራም። ሰው ስለ ራሱ እንጂ ስለ ዘሩ ሁሉ እንዲናገር አይጠየቅም። ያልገባህን ትጠይቃለህ፤ ጥያቄህ ቢያሳምም «አመመኝ» ትባላለህ እንጂ አትባረርም።

ከልምምዶቹ አንዱ እንዲህ ነው። ወንበሮቹ በሁለት ክብ ይደረደራሉ፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ። የውስጦቹ፣ ሴቶቹ ናቸው እንበል፣ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ማደሪያ ሲሄዱ ምን እንደሚያደርጉ እርስ በርስ ይጨዋወታሉ፦ ቁልፍ በጣት መካከል መያዝ፣ ስልክ እያወሩ መምሰል፣ መንገድ መቀየር። ውጭ የተቀመጡት ወንዶች ማቋረጥም ሆነ «እኔ እንደዚያ አይደለሁም» ማለት አይችሉም፤ ያዳምጣሉ ብቻ። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ። ለብዙ ወንድ ተማሪዎች ይህ፣ እህት እያላቸው እንኳ፣ አድምጠውት የማያውቁት ነገር ነው።

አወያዩ ራሱ ተማሪ ነው፤ ምን ያውቃል?

አወያዮቹን «አስተማሪ» ማለት ስሕተት ነው፤ «ሽማግሌ» ማለትም እንዲሁ። ሽማግሌ የሁለቱን ወገን ቃል ሰምቶ ጥፋተኛውን ይለያል፣ ካሣ ይቆርጣል፣ ያስታርቃል። አወያይ አይፈርድም። ሥራው ዝም ያለውን ማየት፣ የሚያወራውን መግታት፣ ነገሩ ሲግል አለማቀዝቀዝ፣ ሲቃጠል ግን ማስቆም ነው። ይህ ደግሞ ሙያ ነው፤ በቅን ልብ ብቻ አይመጣም።

ስለዚህ የሚሺጋን ተማሪ አወያይ ከመሆኑ በፊት ሙሉ ሴሚስተር ይሠለጥናል። ስለ አድልዎ አሠራር ያነባል፣ ራሱ ተሳታፊ ሆኖ ይቀመጣል፣ እየተለማመደ ይተቻል። በሚያወያይበት ሴሚስተርም በየሳምንቱ ከአሠልጣኞቹ ጋር እየተገናኘ «ትናንት እገሌ ሲያለቅስ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» ይላል። ለትምህርቱ የመጨረሻው ኃላፊነት የመምህራን ነው። «በተማሪ የሚመራ» ማለት ማንም የማይቆጣጠረው ማለት አይደለም።

ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ ባለ አራት እርምጃ አመላለስ ነው፦ ማድመጥ፣ ከተናጋሪው ቃል ውስጥ የምትጋሩትን ነገር ፈልጎ ማንሣት፣ ለተባለው መመለስ፣ ከዚያ የራስን ገጠመኝ ወይም መረጃ መጨመር። አንድ ተማሪ «እኔ ቀለም አላይም፤ ዘር ዘር እያላችሁ የምትለያዩን እናንተ ናችሁ» አለ እንበል። ደሙ የፈላ ሰው ከአራተኛው እርምጃ ይነሣል፤ ታሪክና ቁጥር ይደረድርበታል። የሠለጠነው ግን በሁለተኛው ያልፋል፦ «ሰው በቀለሙ እንዳይመዘን ትፈልጋለህ፤ እኔም እፈልጋለሁ።» እስከዚህ ካሉ በኋላ የሚመጣ ተቃውሞ ይሰማል።

ፕሮፌሰር ቢያወያይስ? ውጤት የሚሰጥ ሰው ፊት ተማሪ የሚያስበውን ሳይሆን የሚወደድለትን ይናገራል። እኩያው ሲጠይቀው ግን፣ ቢያንስ አንዳንዴ፣ እውነቱን ያወጣዋል። የሥነ ልቦና ሊቁ ጎርደን ኦልፖርት በ1954 የሚለያዩ ቡድኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው አራት ነገሮች ሲሟሉ እንደሆነ ጽፎ ነበር፦ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ መተባበር፣ የበላይ አካል ድጋፍ። የክፍሉ አሠራር እነዚህን አራቱን ወደ ወንበር አደራደር የለወጠ ነው ማለት ይቻላል።

የሐበሻ ልጅ የትኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች?

ለእኛ አንባቢዎች ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ ግማሽ በግማሽ ይፈልጋል፤ ግቢው ግን ግማሽ በግማሽ አይደለም። የሚሺጋን ግዛት መራጮች በ2006 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመግቢያ ላይ ዘርን እንዳይመለከቱ በድምፅ ከለከሉ። ዩኒቨርሲቲው በ2022 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቹ መካከል የጥቁሮች ድርሻ በ2006 ከነበረበት 7 በመቶ ገደማ በ2021 ወደ 4 በመቶ ገደማ እንደወረደ ገልጿል። ከመቶ አራት የሆኑ ልጆች ስለ ዘር የሚነጋገሩትን ክፍሎች ሁሉ ግማሽ ሊሞሉ አይችሉም። ስለዚህ የሚጋበዙት ያው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ከእነዚህ መካከል ደግሞ ወላጆቻቸው ከአፍሪካና ከካሪቢያን የመጡ ልጆች አሉ። በዲቪ ወይም በስደተኝነት የመጣ ኢትዮጵያዊ ልጅ «ጥቁር» ተብሎ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

ቤት ውስጥ ስሟ ሐበሻ ነው፤ ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ፤ አማራ፣ ኦሮሞ፣ ትግሬ ወይም ጉራጌ። ቅድመ አያቶቿ በአሜሪካ በባርነት አልተሸጡም፤ አባቷም በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ወደ አውቶቡስ የኋላ ወንበር አልተላኩም። ሱቅ ውስጥ የሚከተላት ጠባቂ ግን የዘር ሐረጓን አይጠይቅም። ወላጆቿ «እኛ እንደ እነሱ አይደለንም» ሲሉ ሰምታ አድጋ ይሆናል። ያ ዓረፍተ ነገር ክፍሉ ውስጥ፣ ቅድመ አያቶቿ በባርነት ከኖሩባት ልጅ ጎን ሲነገር፣ ከቡና ላይ ወሬ በጣም የተለየ ድምፅ አለው። በሌላ በኩል «ጥቁር ማለት አንድ ነው» የሚለው ነጭ ተማሪም የእሷን ታሪክ ሰርዞባታል።

ጥሩ አወያይ ይህን ግጭት እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ማስተማሪያ ይጠቀምበታል፤ ማንነት ሁለት ፊት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም፦ አንድ ሰው ራሱን የሚጠራበትና ሌላው ሰው የሚጠራው። ለኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ ሌላ፣ ይበልጥ የሚከብድ ጥያቄ ይከተላል። በአሜሪካ አናሳ የሆነ ቤተሰብ በአገሩ ቤት ስለ ጎረቤቱ ብሔር፣ ስለ ሸክላ ሠሪውና ስለ አንጥረኛው ምን ይል ነበር? ልጅቱ ይህን ጥያቄ ይዛ ለዕረፍት ቤት ብትመጣ የእራት ማዕዱ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

ለውጥ ያመጣል?

እዚህ ላይ ከብዙ «የብዝኃነት ሥልጠና» በተለየ ጥሩ ማስረጃ አለ። ዘጠኝ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብረው ባደረጉት ጥናት ለዘርና ለጾታ ውይይት ካመለከቱ ተማሪዎች መካከል በዕጣ ግማሹ ወደ ክፍል፣ ግማሹ ወደ ተጠባባቂ ተመደቡ። ዕጣው ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ድሮውንም አስተዋይ የሆነው ብቻ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ለውጡ ከክፍሉ ይሁን ከልጁ አይታወቅም ነበር። በ2013 በታተመው ውጤት፣ በክፍሉ ያለፉት ከተጠባባቂዎቹ ይልቅ አድልዎ ከግለሰብ ክፋት ባሻገር እንዴት እንደሚሠራ ተረድተዋል፣ ለሌላው ወገን ያላቸው ርኅራኄ ጨምሯል፣ በማኅበራዊ ጉዳይ ለመሳተፍም ይበልጥ ተነሣሥተዋል። ከዓመት በኋላ ሲጠየቁም ለውጡ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ለውጡ ግን መጠነኛ ነው፤ ተአምር አይደለም። ዕጣው የወጣውም ካመለከቱት መካከል ነው። በግዴታ የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ይለወጣል የሚል ማስረጃ ከዚህ አይገኝም፤ አለቃ በትእዛዝ የሚያስቀምጠው የግማሽ ቀን ሥልጠናም ከዚህ ክፍል ጋር አንድ አይደለም።

ትችቱስ?

ከግራም ከቀኝም ይመጣል። ወግ አጥባቂ ተማሪዎች ክብ መሥራቱ ብቻ ነጻ እንደማያደርግ ይናገራሉ፤ «ማኅበራዊ ፍትሕ» የሚለው ስም ራሱ መልሱ አስቀድሞ መታወቁን ይነግረናል ባይ ናቸው። ቀላል ትችት አይደለም፤ ሁሉም የሚስማማበት ክፍል ምክክር መሆኑ ይቀራል። ከሌላው ወገን ደግሞ ጥቁር ተማሪዎች «ነጮቹ እንዲማሩ እኛ ቁስላችንን እናሳያለን፤ ስንወጣ የእኛ ድርሻ ያው አራት በመቶ ነው» ይላሉ። ይህኛውን ትችት የክፍሉ አሠራር የሚመልሰው አይመስለኝም። አራተኛው ደረጃ ወደ ተግባር እንዲወስድ የታሰበ ቢሆንም ከአንድ ሴሚስተር የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው።

ሕጉ አሁን ምን ይላል?

በዜናው ውስጥ የተደባለቁትን መለየት ያስፈልጋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2023 በሃርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ላይ የሰጠው ውሳኔ ስለ መግቢያ ነው፤ በክፍል ውስጥ ምን እንደሚነገር አይመለከትም። በጥር 2025 የወጡት ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዞች በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የነበሩትን የብዝኃነት ፕሮግራሞች አቋረጡ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማትም ከሕግ ውጭ የሆነ እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንደሌላቸው እንዲያረጋግጡ ጠየቁ። በመጋቢት 2025 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማዕከላዊ የብዝኃነት ጽሕፈት ቤቱን ዘጋ፣ በ2016 የጀመረውን ሰፊ ዕቅድም አቆመ። የውይይት ፕሮግራሙ ከዚህ ዕቅድ በ28 ዓመት ይቀድማል፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው።

በቴክሳስ ከጥር 2024 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የብዝኃነት ጽሕፈት ቤት እንዳይኖራቸው ይከለክላል። ነገር ግን የክፍል ትምህርትን፣ ምርምርንና የተማሪ ማኅበራትን እንቅስቃሴ አይነካም። በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የመድብለ ባህል ማእከሉን ዘጋ፤ በሥሩ የነበሩት የተማሪ ማኅበራት የዩኒቨርሲቲውን ድጋፍ አጡ። መሰብሰብ ግን አልተከለከሉም። አሁን ገንዘቡንም አዳራሹንም አሠልጣኙንም ራሳቸው መፈለግ አለባቸው፤ የሳን ፍራንሲስኮ ተማሪዎች በ1960ዎቹ አጋማሽ ሲጀምሩ እንደነበረው።